ትንሹ ሆስፒታል ይሻላል ትልቁ? ከከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ገላን፣ ብቻ አዲስ አበባ ነኝ እያላችሁ መሃል ከተማ ለመድረስ ግን ሰዓት ሙሉ ታክሲ ላይ የምትቀመጡ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። ሰፈር ቡና ላይ ሁሌ የሚነሳ ክርክር አለ። አንዷ "እዚሁ ደጃችን ያለው ይበቃል፣ እዛ ወረፋ ስትጠብቂ ነው የምትሞቺው" ትላለች፣ ሌላዋ ደግሞ "ኧረ እነዚህ ብር መልቀም ነው ስራቸው፣ ጥቁር አንበሳ ሄደሽ እቅጩን እወቂ" ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ግን አንዷ የምታወራው ስለ ልጇ ጉንፋን ነው፣ ሌላዋ ስለ ወንድሟ ካንሰር።

የኔ ሃሳብ ባጭሩ፣ ሆስፒታል በትልቅነቱ ወይ በትንሽነቱ አይመረጥም፣ በያዛችሁት ህመም ነው የሚመረጠው። ብሩም የሚያልቀው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የገባችሁበት በር የተሳሳተ ሲሆን ነው፣ ማለትም እዛ ከፍላችሁ "ይሄ ከኛ አቅም በላይ ነው" ተብላችሁ ሌላ ቦታ ሁሉንም ከዜሮ ስትከፍሉ።

ትንሽ የሚባለው የቱ ነው

መጀመሪያ ታርጋውን እናጥራ ምክንያቱም ያደናግራል። በመንግስት በኩል ከታች ጤና ጣቢያ አለ፣ ከዛ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዛ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ከላይ ደግሞ ስፔሻላይዝድ የሚባሉት እነ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ። በጤና ሚኒስቴር አደረጃጀት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው ነው የሚታሰብለት፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝዱ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን። እንግዲህ ጥቁር አንበሳ አግዳሚ ላይ አንዱ ጎናችሁ ከጅማ ሌላው ከደሴ የመጣ ሰው ቢቀመጥ አይግረማችሁ፣ ሰልፉ የአዲስ አበባ ሰልፍ ብቻ አይደለም።

በግሉ በኩል መካከለኛ ክሊኒክ አለ፣ ስፔሻሊቲ ክሊኒክ አለ፣ ስፔሻሊቲ ማዕከል አለ፣ ከዛ ሆስፒታል። አሁን እኛ ሰፈር ያለውን ችግር ልንገራችሁ፣ አስፋልት ዳር ያለ ባለ ሶስት ፎቅ የኪራይ ህንጻ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ጽሁፍ ተለጥፎ "ሜዲካል ሴንተር" ይላል፣ ሰዉም ሆስፒታል ይለዋል፣ ፈቃዱ ግን የመካከለኛ ክሊኒክ ሊሆን ይችላል። ይሄን ለማወቅ መጠየቅም አያስፈልግም፣ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ካርድ ክፍሉ ወይም መግቢያው ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሏል፣ ደረጃውና የታደሰበት ዓመት ተጽፎበታል፣ ካርድ እስኪወጣ ቆማችሁ አንብቡት። ካልተሰቀለ እሱም ራሱ መልስ ነው።

ጥራት ላይ ማን ይሻላል

እዚህ ጋ ሰው የሚያምነውና እውነታው ትንሽ ይለያያል። "ትልቅ ከሆነ ጥሩ ነው" የሚለው ለአንዳንድ ህክምና በጣም ልክ ነው፣ ለአንዳንዱ ደግሞ ምንም ለውጥ የለውም። በአሜሪካ ሜዲኬር በሚባለው የአረጋውያን መድህን ስር የተሰሩ 2.5 ሚሊዮን ያህል ቀዶ ህክምናዎችን አይቶ በፈረንጆቹ 2002 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ፣ ጥያቄው ብዙ የሚሰራ ሆስፒታል ከትንሽ የሚሰራው ጋ ሲነጻጸር ስንት ሰው ይሞትበታል የሚል ነበር። ቆሽት ቆርጦ ማውጣት ላይ በዓመት በጣም ጥቂት የሚሰሩት ሆስፒታሎች ጋ ሞቱ 16.3 በመቶ ነበር፣ ብዙ የሚሰሩት ጋ 3.8 በመቶ። ሰማይና ምድር ነው። ግን እዛው ጥናት ላይ የአንገት ደም ስር የማጽዳት ቀዶ ህክምና ላይ ሞቱ ጥቂት የሚሰሩት ጋ 1.7 በመቶ፣ ብዙ የሚሰሩት ጋ 1.5 በመቶ ነው፣ ማለት ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። የኛ አገር ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል ግን መንፈሱ ያው ነው፣ ከባድና እምብዛም የማይሰራ ኦፕራሲዮን ከሆነ እጁ የለመደ ቦታ ሂዱ፣ የተለመደ ከሆነ የህንጻው ቁመት አያስጨንቃችሁ።

ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ "ሆስፒታላችሁ ስንት አልጋ አለው" አይደለም፣ "ይሄን ኦፕራሲዮን በወር ስንት ትሰራላችሁ፣ ማን ነው የሚሰራው" ነው። ትንሽ ድፍረት ይፈልጋል አውቃለሁ፣ ዶክተር ፊት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ብዙዎቻችን እናፍራለን፣ ግን ሞባይል ስንገዛ እንኳን ባለሱቁን ስንት ጥያቄ ነው የምንጠይቀው።

ሌላው፣ ማን ነው የሚያያችሁ የሚለው። ማስተማሪያ ሆስፒታል ከገባችሁ መጀመሪያ ኢንተርን (ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ ተለማማጅ ሐኪም) ያያችኋል፣ ከዛ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም)፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ደግሞ ሲኒየሩ ከነተማሪዎቹ ከቧችሁ ይቆማል። ታሪካችሁን አራት ጊዜ ትደግማላችሁ፣ ያሰለቻል፣ ግን ብዙ ዓይን ያየው ህመም እንዲሁ አያመልጥም። ትንሹ የግል ጋ ስፔሻሊስቱ ራሱ ቁጭ ብሎ ያዋራችኋል፣ ስማችሁን ያውቃል፣ ስልኩንም ሊሰጣችሁ ይችላል። ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሰፈራችሁ ያለው የግል ሆስፒታል ውስጥ የሚያያችሁ ስፔሻሊስት ቀን መንግስት ሆስፒታል የሚሰራው ያው ሰውዬ ሊሆን ይችላል። ዶክተሩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከጀርባው ያለው ነው፣ ላቦራቶሪው፣ ደሙ፣ አይሲዩው (የጽኑ ህሙማን ክፍሉ)፣ ሌሊት የሚቀሩት ሲስተሮች።

ትልቅ ቦታ መተኛት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሰረት እንደኛ ባሉ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ አገሮች ሆስፒታል ከተኛ 100 ሰው 15ቱ ሲገባ ያልነበረበት ኢንፌክሽን እዛው ይይዘዋል፣ ሀብታሞቹ አገር 7 ነው። የተጨናነቀ ክፍል፣ ሁለት ሶስት አስታማሚ በየአልጋው፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ ለስንት ሰው። ስለዚህ እቤት መታከም የሚችልን ሰው "ለማንኛውም ትልቅ ቦታ ይተኛ" ማለት ጥቅም የለውም።

ታይፎይድና ታይፈስ

ይሄን ሳላነሳ ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። የትንሽ ክሊኒክ ትልቁ ድክመት ለኔ ይሄ ነው። ትኩሳት ይዟችሁ ትገባላችሁ፣ ደም ይወሰዳል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱ ይመጣል፣ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ"። ሁለቱም! ሁሌ ሁለቱም! ከዛ ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ በመርፌ፣ ጠዋትና ማታ፣ ግሉኮስ፣ ቫይታሚን ምናምን፣ አልጋ ለአንድ ቀን። ለታይፎይዱ የሚሰራው ምርመራ ዊዳል ይባላል፣ የሚፈልገውም ሰውነታችሁ ባክቴሪያውን ሲዋጋ ያመረተውን አንቲቦዲ ነው፣ እሱ ደግሞ ከድሮ ህመም ሊቀር ይችላል፣ ከሌላ ኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ ፖዘቲቭ ስላለ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም፣ ለእርግጡ የደም ካልቸር (ባክቴሪያው ራሱ ከደሙ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ የሚደረግበት ምርመራ) ያስፈልጋል፣ እሱ ቀናት ይወስዳል፣ ትንንሽ ቦታ ደግሞ የለም። ጎረቤታችን ያለች ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ታይፎይድ እንደተባለች ቤተሰቡም መቁጠር አቁሟል፣ በኋላ ጤና ጣቢያ ያለች ጤና መኮንን ናት አክታ አስመርምራ ቲቢ መሆኑን ያወቀችው። የቲቢ መድሃኒት ደግሞ መንግስት ጋ በነጻ ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ጋ ያሸነፈው ትልቁ አይደለም፣ ትንሹ የመንግስት ነው።

እንዲህ አይነት ወረቀት ከተሰጣችሁ አትጣሉ፣ "ካልቸር ይሰራልኝ ወይ ሪፈር ይጻፍልኝ" በሉ። ትኩሳቱ በታዘዘው መድሃኒት በ3 ወይ 4 ቀን ካልተሻለ ያንኑ መርፌ ለመቀጠል ሳይሆን ሌላ ቦታ ለመታየት ሂዱ።

ወጪው ሲታይ

ሰው የሚያነጻጽረው ካርድ ነው። እዛ ካርድ ይሄን ያህል፣ እዚህ ይሄን ያህል። ካርድ ከጠቅላላ ወጪው ትንሹ ነው እኮ። ቢሉን ፈታ አድርጋችሁ እዩት፣ ካርድ፣ ላቦራቶሪ፣ ራጅና አልትራሳውንድ፣ መድሃኒት፣ አልጋ በቀን፣ የዶክተር ቪዚት በቀን፣ ኦፕራሲዮን ከሆነ የሰርጅኑ፣ የማደንዘዣው፣ የክፍሉ እየተባለ ይለያያል፣ ኦክስጅን ደግሞ በሰዓት ሊቆጠር ይችላል። ከዛ "ሌሎች" የምትል መስመር አለች። አንድ ጎረቤቴ የሐሞት ጠጠር ልታስወጣ የተኛችበት ትንሽ የግል ሆስፒታል ቢሉን ሲሰጣት አብሬ አይቼዋለሁ፣ ከአልጋው ቀጥሎ ትልቁ ቁጥር ያለው "ሌሎች" ጋ ነበር። ተከራከረች፣ ዝርዝር ይምጣ አለች፣ መጣላት፣ ጓንት በካርቶን፣ ሲሪንጅ፣ ፕላስተር፣ ካኑላ (እጅ ላይ ተሰክቶ ግሉኮስ የሚገባበት) ሶስት ጊዜ፣ እሷ ግን እጇ ላይ የገባው አንዴ ነው። ቀነሱላት። ያለ ጭቅጭቅ ነው የቀነሱላት፣ ዝርዝር ስለጠየቀች ብቻ። ስለዚህ ዝርዝር ጠይቁ።

የዚህችው ሴትዮ ሌላው ወጪ ደግሞ ይገርማል። መጀመሪያ የሄደችበት ክሊኒክ አልትራሳውንድ አሰራ፣ ጠጠር አለ ተባለች፣ ኦፕራሲዮን ግን እዛ የለም። ሁለተኛው ቦታ "የውጭ አልትራሳውንድ አንቀበልም" አላት፣ እንደገና ተሰራ። የጉበት ምርመራም እንደገና። ሶስተኛው ቦታ ላይ ነው የወጣላት፣ እዛም እንደገና። ከመጀመሪያው ጠቅላላ ሆስፒታል ብትሄድ የአንዱን ብቻ ነበር የምትከፍለው። "ትንሹ ይረክሳል" የሚባለው እውነት የሚሆነው ትንሹ ነገሩን ከጀመረ የሚጨርሰው ከሆነ ነው። ስለዚህ ካርድ ከመቁረጣችሁ በፊት "ይሄ ቢገኝብኝ እዚሁ ትጨርሱልኛላችሁ ወይስ ትልካላችሁ" ብላችሁ ጠይቁ። ከላኩም ፊልሙን፣ ሪፖርቱን፣ ሲዲውን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ፣ ከፍላችሁበታል የናንተ ነው።

የመንግስት ትልቅ ሆስፒታል በሂሳብ ርካሽ ነው፣ በብዙ እጥፍ። ግን መድሃኒቱ ፋርማሲ ውስጥ የለም ሊባል ይችላል፣ ያኔ ወረቀት ይዛችሁ ከግቢ ውጭ ትዞራላችሁ። መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲ ወይ ቀይ መስቀል ፋርማሲ ሞክሩ፣ ዋጋቸው ከግሎቹ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። አስታማሚው ከስራ የቀረበት ቀን፣ ከቱሉ ዲምቱ ጥቁር አንበሳ ሁለት ሶስት ታክሲ እየቀያየሩ መመላለስ፣ ህመምተኛው መቆም ካልቻለ ራይድ መጥራት፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ ምግቡ ማደሪያው፣ እነዚህ ቢል ላይ አይጻፉም ግን ከኪስ ይወጣሉ። ቀን ሰራተኛ የሆነ ሰው ለአንድ ቀጠሮ ሶስት ቀን ከቀረበት ሰፈሩ ያለው ግል ክሊኒክ ቢከፍል ይሻለው ይሆናል፣ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ ፕራይቬት ዊንግ። አንዳንድ መንግስት ሆስፒታሎች ከስራ ሰዓት ውጭ ከፍ ባለ ክፍያ እዛው በነሱ ስፔሻሊስት ያክማሉ፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ ከመደበኛው በላይ ከትልቅ ግል በታች ነው፣ ወረፋው ያጥራል፣ ከጀርባው ደግሞ የሆስፒታሉ እቃ አለ። ቀጠሮ ራቀብኝ ለምትሉ ጠይቁ።

ግል ትልቅ ከሆነ ደግሞ ዲፖዚት አለ። ለመተኛት በቅድሚያ ይህን ያህል አስይዙ ይባላል። የሚቀረው ይመለሳል ይባላል እንጂ ሲመለስ ማየት ብርቅ ነው፣ በየሁለት ቀኑ "ያስያዛችሁት አልቋል" የሚል ስልክ ነው የሚመጣው። ስትገቡ "በቀን በአማካይ ስንት ይፈጃል" ብላችሁ ጠይቁና ስንት ቀን እንደምትችሉ ከወዲሁ እወቁ፣ አይሲዩ ውስጥ ተኝቶ ብር አልቆ ወደ መንግስት ማዘዋወር በጣም ከባድ ነው፣ አልጋ ወዲያው አይገኝም።

ወሊድ

ይሄን ረዘም አደርገዋለሁ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ገንዘብ የሚያባክነውም የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ድህረ ወሊድ፣ የህጻናት ክትባት፣ የቤተሰብ እቅድ፣ መንግስት ተቋም ውስጥ በነጻ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው አሁንም አለ። ጤናማ ክትትል ላላት፣ ደም ግፊት ለሌላት፣ ሁለተኛ ወይ ሶስተኛ ልጇን ለምትወልድ፣ ቀድሞ ኦፕራሲዮን ላልነበራት ሴት ሰፈሯ ያለው ጤና ጣቢያ በቂ ነው፣ አዋላጅ ነርሶቹ በቀን ስንት ልጅ ነው የሚያዋልዱት፣ እጃቸው የለመደ ነው። ለዛች ሴት ትልቅ ግል ሆስፒታል መሄድ ምቾት መግዛት ነው፣ ገንዘቡ ካለ ማን ይከለክላል፣ ግን ደህንነት እየገዛሁ ነው ብላችሁ አታስቡ።

እንዲያውም ግል ቦታ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ኦፕራሲዮን። በ2008 ዓ.ም በተደረገው የስነ ህዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ በኦፕራሲዮን የተወለደው 2 በመቶ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 21 በመቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በህዝብ ደረጃ ከ10 በመቶ በላይ ሲሄድ የእናትና የጨቅላ ሞት መቀነሱን አይቀጥልም ይላል። ገጠሩ ላይ የሚያስፈልጋት አታገኝም፣ እኛ ጋ ደግሞ የማያስፈልጋትም ታገኛለች። ስለዚህ "ኦፕራሲዮን ነው" ከተባላችሁ ምክንያቱን በግልጽ አስነግሩ፣ የልጁ የልብ ምት ወርዶ ነው? ምጡ ቆሞ ነው? ልጁ ተገልብጦ ነው? እንዲህ ያለ ምክንያት ካለ አትከራከሩ ፈርሙ። "ለማንኛውም ይሻላል" ከሆነ ግን ሌላ ሰው ይይላችሁ።

አሁን ወደ ሌላኛው ጎን። መንታ፣ ከፍተኛ ደም ግፊት፣ እግሯ ፊቷ ያበጠ፣ ስኳር፣ ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን፣ እንግዴ ልጁ ከታች የተቀመጠባት፣ ቀድሞ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ እነዚህ ከሆኑ ትንሽ ቦታ አትሞክሩ፣ ደምና ሌሊት የሚሰራ ኦፕራሲዮን ክፍል ያለበት ሆስፒታል ከ8ኛ ወር በፊት ካርድ አውጡ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ካልተያዘ በአማካይ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል ነው የሚባለው። ከኮዬ ሌሊት 8 ሰዓት ተነስቶ መኪና ፈልጎ ቃሊቲን አልፎ መሃል ከተማ መድረስ የ2 ሰዓቱን ግማሽ ይበላዋል፣ ደርሶ ደግሞ "ደም የለም" ከተባለ አለቀ። ስለዚህ ግል ቦታ የምትወልዱ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ክፍሉ ንጽህና ሳይሆን "ደም እዚሁ ታስቀምጣላችሁ ወይስ ሲያስፈልግ ከደም ባንክ ታስመጣላችሁ" የሚለው ይሁን። ሁለተኛው፣ ልጁ ያለጊዜው ቢመጣ ወይም ቢታፈን የጨቅላ ህጻናት ክፍል አለ ወይ። ከሌለ እናት እዚህ ልጅ እዛ ይሆናል፣ አባት መሃል ላይ ይሮጣል፣ ስንቱን አይተናል።

ድንገተኛ ሲሆን

ግማሽ አካሉ የዛለ፣ አፉ የተጣመመ፣ ንግግሩ የተወላገደ ሰው ካለ ሰፈር ክሊኒክ ግፊት ለማስለካት አትውሰዱት። ስትሮክ ነው ተብሎ ይታሰባል፣ ደም የረጋ ከሆነ የሚሟሟበት መድሃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፣ ያለ ሲቲ ስካን ደግሞ መፍሰስ ይሁን መርጋት አይለይም። ስለዚህ በቀጥታ ሲቲ ስካን ያለበት ቦታ። መድሃኒቱ ሁሉም ጋ አለ ማለቴ አይደለም፣ ግን ክሊኒክ ውስጥ ግሉኮስ ተሰክቶ የሚያልፍ ሁለት ሰዓት ማንንም አይጠቅምም።

የመኪና አደጋና ከባድ ስብራት ከሆነ የጳውሎስ የሆነው አቤት ሆስፒታል ለአደጋና ለቃጠሎ የተቋቋመ ነው። ግን ደም እየፈሰሰ ከሆነ ወይም መተንፈስ ካቃተው መጀመሪያ ቅርብ ያለው ቦታ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ደሙን ያቁሙ አየር ይስጡ ከዛ ይላክ። የሶስተኛ ወገን መድን አዋጅ 799/2005 የመኪና ተጎጂ ድንገተኛ ህክምና እንዲያገኝ ይደነግጋል፣ ሲወጣ የተቀመጠው ጣሪያ 2000 ብር ነበር፣ "መጀመሪያ ክፈል" ለሚል ሰው የምታነሱት ነገር ነው። አምቡላንስ የቀይ መስቀል 907፣ የእሳትና ድንገተኛ 939፣ ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ ያዙ፣ አንዱ ካልመጣ ሌላው።

ልጅ ተቅማጥና ትውከት ይዞት ንቁ ከሆነና የሚጠጣ ከሆነ ጤና ጣቢያ፣ ኦአርኤስና ዚንክ ነው የሚሰጡት፣ ይበቃል። ዓይኑ ገብቶ፣ ደክሞ፣ መጠጣት እምቢ ካለ ሆስፒታል። ትርፍ አንጀት የሚመስል ከሆነ፣ ማለት ህመሙ ከእምብርት ጀምሮ ወደ ቀኝ ታች ከወረደ፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ይበቃል፣ ስፔሻላይዝድ አያስፈልገውም።

ለሚቆይ ህመም

ግፊትና ስኳር በየወሩ ጤና ጣቢያ፣ መድሃኒቱ እዛው፣ ወረፋው አጭር። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ዓይንና ኩላሊት ለማየት ወደ ላይ። ለወር መድሃኒት ብሎ ጥቁር አንበሳ የሚሰለፍ ሰው አይገባኝም። ኩላሊት እጥበት ደግሞ የተለመደው በሳምንት ሶስት ቀን ነው፣ እዚህ ላይ ጥራቱ ተመሳሳይ ከሆነ ርቀት ሁሉንም ይበልጣል፣ በወር አስራ ሁለት አስራ ሶስት ጊዜ ደርሶ መልስ ነው፣ ቅርቡን ምረጡ። ካንሰር ከሆነ አትዘናጉ፣ በቀጥታ ሪፈር፣ የጨረር ህክምና በአገሪቱ ለብዙ ዓመት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ልምዱም እዛ ነው የተከማቸው። የቆዳና የቁስል ነገር አለርት፣ የአእምሮ አማኑኤል፣ ዓይን ምኒልክ። እነዚህ ላይ ትንሽ ግል እየዞሩ ብር መጨረስ ያሳዝናል።

መድህን

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያላችሁ ሰዎች ምርጫችሁ ግማሹ ተወስኗል፣ በሩ ጤና ጣቢያ ነው። ከዛ ሪፈር ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ ይሸፈናል፣ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ነው። ድንገተኛ ከሆነ ሌላ ነገር። ለከተማ ዳር ሰው ልዩ ችግር የሚሆነው መታወቂያ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ደርሶን ከመሃል ከተማ ወጥተን የመጣን ሰዎች መታወቂያችን አሁንም የድሮ ወረዳ ነው፣ መድህኑም እዛ ነው የተመዘገበው፣ ስለዚህ የተዋዋለልን ጤና ጣቢያ ፒያሳ ወይ ጨርቆስ ነው። ለሪፈር ወረቀት ብሎ ፒያሳ መሄድ! መሸኛ አውጥታችሁ ወደምትኖሩበት አዛውሩ፣ የእድሳት ወቅት ከመድረሱ በፊት። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ ያላችሁ ደግሞ ሸገር ከተማ ስር ስለሆናችሁ ምዝገባችሁም ሪፈራችሁም በዛ በኩል ነው፣ አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት ሪፈሩ እንደሚሰራ አስረግጣችሁ ጠይቁ።

ከየት ወደ የት

ከኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን በኩል ከሆናችሁ ቅርቡ የመንግስት ትልቅ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፣ ብዙ ነገር እዛ ያልቃል፣ ጥቁር አንበሳ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት አስቡበት። ከአያት፣ የካ አባዶ፣ ጣፎ በኩል ኤካ ኮተቤ። ከቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ፣ ሱሉልታ በኩል ጳውሎስ። ከጀሞ፣ አለም ገና፣ ሰበታ በኩል አለርት፣ አለርት የስጋ ደዌ ብቻ ነው የሚል ሰው አሁንም አለ፣ ከቀረ ቆይቷል።

ሪፈር ተጽፎላችሁ ስትነሱ ዝም ብላችሁ ወረቀት ይዛችሁ አትውጡ። ሆስፒታሎች ውስጥ ላይዘን የሚባል ቢሮ አለ፣ ስራቸው ተቀባዩ ሆስፒታል ደውሎ አልጋ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። "ላይዘን ደውሎ አልጋ ይያዝልኝ፣ የተቀበለውን ሰው ስም ጻፉልኝ" በሉ። ያለዛ ህመምተኛ ይዞ ከሆስፒታል ሆስፒታል "አልጋ የለም" እየተባሉ መዞር ነው፣ ያ ደግሞ በራይድ ሂሳብ ራሱ ከህክምናው ይበልጣል።

ሳትታመሙ አንድ ቀን እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሰፈራችሁ ያለው የግል ሆስፒታል ጎራ በሉ፣ በሆነ ምክንያት፣ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ብላችሁም ቢሆን። ቀን ሁሉም ጥሩ ነው። ማታ ግን ላቦራቶሪው በሩ ተቆልፎ ከሆነ፣ ጄኔሬተሩ ሳር በቅሎበት ከሆነ፣ ኦክስጅኑ ሲሊንደር ከሆነና ስንት ሙሉ እንዳለ የሚያውቅ ከሌለ ታዩታላችሁ። ተረኛ ዶክተር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ "ሲደወልለት ይመጣል" ካሏችሁ ሰውየው የት ነው የሚኖረው ብላችሁ ቀጥሉ፣ መልሱ ሲኤምሲ ከሆነና እናንተ ኮዬ ከሆናችሁ ሌሊት የሚመጣ ሰው ይዛችሁ እዛ አትግቡ።